ፍሙ ይውጣ፣ ሙቀቱ ይግባ!

ብርዱን እንዴት ይዛችሁታል? ታኅሣሥ ገብቶ የለ! ቀን ፀሐዩ ጃኬት ያስወልቃል፣ ማታ ደግሞ ጥርስ ያንገጫግጫል። በተለይ እኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ «ንፋስ» ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከለቡና ከሃና ማርያም በኩል የሚነሣው ነፋስ በበር ሥር ገብቶ አልጋ ላይ ድረስ ይጠይቀናል። የዛሬው ጨዋታዬም ስለዚሁ ነው። ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ስትጠብቁ የነበራችሁ ገጹን አትግለጡብኝ፤ እሱም አለበት። አማትም፣ አራስም አሉበት። ሞትም ሊኖርበት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት በዝግጅት ክፍሉ በኩል አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ አደራ ብላኛለች። አደራዋን ጠብቄ፣ ፈቃዷንም ጠይቄ፣ ትንሽ አሳጥሬ እንዲህ አቅርቤዋለሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። ካገባሁ ዓመት ከስድስት ወሬ ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ሃና ማርያም አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ከወለድኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እናቴ በሕይወት ስለሌለች የሚያርሱኝ አማቴ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ገጠር ነው የመጡት። እግዚአብሔር ያክብራቸውና ወርቅ ሰው ናቸው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የልጁ እጥበት… ጎንበስ እንድል እንኳ አይፈቅዱልኝም።

«ችግሬ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማታ ሲሆን ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ማንደጃውን አልጋዬ አጠገብ ያስገቡታል። በሩን ይዘጋሉ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ይወትፋሉ፣ መስኮቷን በነጠላ ይጋርዳሉ። ‹አራስ ብርድ ከገባባት ዕድሜ ልኳን አይወጣላትም› ይላሉ። ጠዋት ስነሣ ራሴን ይከፍለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። እሳቸውም ‹ራሴን ወጋኝ፣ ምች ነው› እያሉ ዳማከሴ ያሻሉ። ልጁ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፍዝዝ ይላል፤ ጡት ለመያዝ ይሰንፋል። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፍቶ ትንሽ ሲቆይ ሁላችንም ደህና እንሆናለን።

«ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ማታ ቤት የለም። ‹እናቴ ስምንት ልጅ ያሳደገችው እሳት ዳር ነው፤ ንቀሻት እንዳይሆን ብቻ!› አለኝ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንግዛ እንዳልል፣ አከራያችን ‹ስቶቭም ሆነ ሂተር የሚሰካ ሰው ቤቴን ይልቀቅልኝ› ብለዋል። እምቢ ብላቸው ‹የባሏን እናት አሳዘነች› ልባል ነው። ዝም እንዳልል ደግሞ ፈራሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ያነሣሁት ብዕር አይደለም፣ ስልክ ነው። ደግነቱ ቁጥሯን ጽፋልኝ ነበር። «እህቴ፣ ዛሬ ማታ ያ ማንደጃ እንዳይገባ! ምክንያት ካጣሽ ‹የጋዜጣው ሰውዬ ከለከለኝ› በይ። አሁኑኑ ደግሞ ልጁን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ አንቺም ታይ፣ እሳቸውም ይታዩ። ከሰል እያነደዳችሁ እንደምታድሩ ሳትደብቂ ንገሪያቸው» አልኳት። የሌላው ሰው ጥያቄ አንድ ሳምንት ይጠብቀኛል። የከሰል ጉዳይ ግን እስከ ማታም አይጠብቅም።

እሷ ምን እንዳደረገች መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። በፊት ግን የራሴን ላውጋችሁ።

የተሰበረችው መስታወት

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ጉዳይ ዝም የማልልበት የራሴ ምክንያት ግን አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ላፍቶ ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ክፍሏ ሦስት በሦስት ብትሆን ነው፤ ሁለት ፍራሽ ከተነጠፈባት መተላለፊያ የላትም። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ማታ ቡና ተፈላ፣ ጨዋታው ደራ፣ ፍሙ ደግሞ ሲያዩት ያምራል… «ይቺን የመሰለች ሙቀት ደጅ መጣል ኃጢአት ነው» ተባባልንና ማንደጃውን በመካከላችን አድርገን ለጥ አልን።

ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ መዶሻ የሚመታ ሰው ያለ መስሎኝ ነቃሁ። ልነሣ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጓደኛዬን ስጠራው ያቃስታል እንጂ አይመልስም። በደረቴ ተስቤ በሩን ከፈትኩና ደጃፉ ላይ ዝናቡ ውስጥ ተዘረርኩ። ትንሽ ቆይቶ እሱም እየተንፏቀቀ ወጣ። ሁለታችንም አስመለሰን። አከራያችን ደንግጠው ወጡና «ምች ነው» አሉ፤ ዳማከሴ ተጨመቀልን። ጠዋት እየሳቅን ለሰው አወራነው።

ነገሩ የገባን ጓደኛዬ ራስ ምታቱ አልለቀው ብሎ ክሊኒክ የሄደ ቀን ነው። ነርሷ የሆነውን ሰምታ «ለመሆኑ ቤታችሁ ቀዳዳ ነበረው?» አለችው። ነበረው! ከመስኮቱ መስታወቶች አንዷ ከገባን ጀምሮ የተሰበረች ናት። በካርቶን ደፍነናት ነበር፤ የዚያን ሌሊት ነፋሱ ካርቶኗን ገፍቶ ጥሏታል። ዓመት ሙሉ «ያሠሩልን» እያልን የተነታረክንባት መስታወት ናት ያዳነችን። ተሠርታ ቢሆን ኖሮ ይኼን ዓምድ ዛሬ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።

ወራጅ የሌለው ታክሲ

«እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» እንላለን። ልክ ነው። አስቸጋሪው ግን ጭስ የማይታይበት እሳት መኖሩ ነው። ጭስ ምንም ቢሆን ሐቀኛ ጠላት ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ «ውጣ!» ይልሃል። የቀላ ፍም ግን ምንም አይናገርም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጉሮሮ አይከረክር። እናም «ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ይቆይ፣ ሲቀላ ይግባ» የምንለው የሁላችንም ደንብ የሚያስቀረው ጭሱን ነው፤ ጋዙ ከፍሙ ጋር አብሮ ይገባል። አመድ የለበሰ፣ የጠፋ የሚመስል ፍምም ቢሆን ለሰዓታት ማውጣቱን አያቆምም።

ገብቶ ምን ያደርጋል? ደማችንን እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቡት። ከሳንባ ኦክስጅን ይጭናል፣ አንጎል ጋ፣ ልብ ጋ ያወርዳል፣ ተመልሶ ይጭናል። ይኼ ጋዝ ሲመጣ ኦክስጅንን ገፍቶ ወንበሩን ይይዛል፤ ደም ላይ የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ ቶሎ «ወራጅ አለ!» አይልም። ታክሲው ሙሉ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ፌርማታ ላይ ለሚጠብቁት ለአንጎልና ለልብ ግን የሚወርድላቸው የለም። ሰውዬው ወጥቶ ንጹሕ አየር እየተነፈሰ እንኳ የጋዙ ግማሽ ከደሙ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ሆስፒታል ገብቶ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ለዚህ ነው ሎሚ ማሽተትና ወተት መጠጣት የማይተካው።

የሚያሳዝነው የተኛ ሰው አለመንቃቱ ነው። ጠጥቶ የገባማ ጭራሽ! ከትልቅ ሰው ይልቅ ሕፃንና በማህፀን ያለ ጽንስ ይበልጥ ይጎዳሉ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት ነው። ምች ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፦ ቤቱ ውስጥ ያደረው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው ወይ ያመመው? ሁለተኛ፦ ወደ ውጭ ሲወጣ ይሻለዋል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ተጠርጣሪው ማንደጃው ነው። የእህታችንን ደብዳቤ ደግማችሁ አንብቡት፤ ሁለቱም አሉበት።

«እኔ ላቀች ምድጃ ነው ያለኝ» የሚል አይጠፋም። ላቀች ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። «ውሃ በሳህን አስቀምጣለሁ» የሚልም አለ፤ ውሃው ይኼን ጋዝ አይዝልህም። «መስኮቱን ገርበብ አደርጋለሁ» የሚለው ከሁሉም ይሻላል፣ ግን ዋስትና አይሆንም። እኔ የዳንኩት በዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ በየሌሊቱ ካርቶን አይጥልም።

ቤቱ ነው የተለወጠው

አሁን ወደ አማትየው እንምጣ። እህቴ፣ ልብ በይ፤ አማትሽ ሞኝ አይደሉም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ብርዷ የታወቀ ከተማ ናት። እዚያ አገር አራስን ከብርድ መጠበቅ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። እሳቸው ያደጉበት የሣር ቤት ጣሪያው ረጅም ነው፤ ጭሱም ጋዙም በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣል። ግድግዳው ይተነፍሳል፣ በሩ ቀዳዳ አለው። የሚነደውም እንጨት ነው፤ ሲበዛ ዓይን እያስለቀሰ በር ያስከፍታል። ያ ጭስ ውሎ አድሮ ሳንባና ዓይን ይጎዳል፣ ጤና ነው አልልም። ግን ቤቱና እሳቱ ተላምደው የኖሩ ናቸው።

እኛ ያን ልማድ ይዘን የገባነው የት ነው? ሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ ግጥም ያለ የብረት በር፣ የመስታወት መስኮት። የጀሞ ኮንዶሚኒየምም ሆነ የሃና ማርያም ሰርቪስ ቤት ያው ነው። በዚያ ላይ ነፋስ እንፈራለን! ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ቤት ስንገባም ቀዳዳ ፍለጋ ነው፤ ጨርቅ እንወትፋለን፣ ካርቶን እንለጥፋለን፣ ከዚያ ፍሙን መሃል አስቀምጠን እንተኛለን። የምንፈራው ነፋስ ሊያድነን ይችል ነበር፤ ያመንነው ፍም ነው የሚገድለን።

ስለዚህ ለአማትሽ «ልማድዎ ስሕተት ነው» አትበያቸው። «እማማ፣ የእርስዎ ቤት ይተነፍስ ነበር፤ ይኼ ቤት አይተነፍስም» በያቸው። ሁለቱ አባባሎች በጣም ይለያያሉ።

ፈረንጆቹ እሳቱን የት አደረጉት?

ይኼ የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ኤሚል ዞላ የተባለው ታላቁ ፈረንሳዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሞቶ የተገኘው በዚሁ ጋዝ ነው። የጭስ ማውጫው ተደፍኖ ነበር። አብራው የተኛችው ሚስቱ ለጥቂት ተረፈች። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተላት ኮሪያም ከጥንት ጀምሮ ቤት የምታሞቀው ከወለል በታች እሳት በማንደድ ነው፤ «ኦንዶል» ይሉታል። ከጦርነቱ በኋላ በእንጨት ፋንታ የተጠፈጠፈ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ሲበዛ፣ ጋዙ በተሰነጠቀ ወለል እየሾለከ በየክረምቱ ብዙ ሰው በተኛበት ገደለ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ሙቀቱን አልተዉም፤ እሳቱን ግን ከመኝታ ክፍል አራቁት። ዛሬ የኮሪያ ወለል የሚሞቀው ከቦይለር በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። እኛ ቦይለር ስንል የሻወሩን ማለታችን ነው። በቀዝቃዛው የአውሮፓ አገር ግን ለቤት ማሞቂያ የሚሆን፣ እንጨት የሚነድበት ትልቅ ቦይለር አለ። ምድር ቤት ወይም ከቤቱ ውጭ በተሠራች ክፍል ይቀመጣል። እንጨቱ እዚያ ይነዳል፣ ጭሱና ጋዙ በጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የሚሞቀው ውሃ በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተተከለውን ብረት ያግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሊሞቅ ይመለሳል። የተኛው ሰው እሳቱን አያየውም። እንዲያም ሆኖ ጋዙ ከሾለከ የሚጮህ ደወል በየቤታቸው ያንጠለጥላሉ። እነሱም አያምኑትም ማለት ነው!

ነገሩ ለኛም እንግዳ አይደለም። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ቤት ያሠሩት ፍልውሃ አጠገብ ነው። ፍልውሃ ምንድን ነው? እሳቱ ከመሬት በታች፣ ሙቅ ውሃው ከላይ! እግዜር የሠራው ቦይለር ነው። ይቺ ከተማ ገና ስትቆረቆር ሙቀት ፈልጋ የወረደችው ሙቅ ውሃ ዘንድ ነበር። የማገዶው ነገር በኋላ ከተማዋን ሊያስለቅቃት ደርሶ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሷል። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ያቆያት። ከዚያ ወዲህ ውሃውን ረስተን ማገዶና ከሰሉ ላይ ቀረን።

ሃና ማርያም ላይ ቦይለር

«ታዲያ በኪራይ ቤት ቦይለር ትከል ልትለኝ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። የለም። ዘዴውን ብቻ ነው የምንወስደው፤ ዘዴው ደግሞ በነጻ ነው፦ እሳቱ ደጅ ይቅር፣ ሙቀቱ ብቻ ይግባ።

ከሰሉን ደጅ አንድዱት፤ ክዳን ያለው ትልቅ ድስት ውሃ ጣዱበት። መድኃኒት ቤት የሚሸጥ የሙቅ ውሃ ላስቲክ አለ። ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ በረድ ሲል ሁለት ሦስተኛውን ሙሉት፣ አየሩን አስወጡ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉትና ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቡት። አልጋው እንጀራ ከምጣድ የወጣ ይመስላል! በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ አትሞክሩት፤ ይሟሽሽና ይፈስሳል። ለሕፃን ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፦ መኝታውን ያሞቃል፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ግን ላስቲኩ ይወጣል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ቶሎ ይቃጠላል።

ለልጁ ከሁሉ የሚበልጠው ማሞቂያ ደግሞ አንቺው ነሽ። ነቅተሽ ቁጭ ባልሽበት ሰዓት ልብሱን አውልቀሽ፣ ዳይፐሩንና ኮፍያውን ብቻ አድርገሽለት ደረትሽ ላይ አስተኚው፤ ከላይ ጋቢ ይደረብ፣ ፊቱ ግን አይሸፈን። ቆዳ ለቆዳ ይሉታል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በየሆስፒታሉ እንደዚህ ነው የሚሞቁት። «የካንጋሮ እንክብካቤ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ካለ ከፍ ይበል። አልጋ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ትንሽ ይራቅ። እና አንድ የምሥራች ልንገራችሁ፦ ክፍሉ ውስጥ ምንም የሚነድ ነገር ከሌለ በበር ሥር ጨርቅ መወተፍ ይቻላል! ጥሉ ከጨርቁ ጋር አይደለም፤ ጨርቁና ፍሙ አንድ ክፍል ሲያድሩ ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር በሚመለከት፦ አከራዮች የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፣ ሒሳቡንና ቃጠሎውን። አንድ ሺህ ዋት ማሞቂያ በአንድ ሰዓት የሚበላው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይኼን ቁጥር ይዛችሁ፣ «ከመተኛታችን በፊት አንድ ሰዓት ብቻ፤ ሒሳቡን ለብቻ እንከፍላለን» ብላችሁ ተነጋገሩ። ቆጣሪ ለብቻ ካለማ ክርክሩም አያስፈልግ። ነገር ግን የቤቱ ሽቦ ያረጀ ከሆነ አከራዩ እውነታቸውን ነው። ማሞቂያ በተቀጣጠለ ኤክስቴንሽን ላይ አይሰካም፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ አጠገብ አይቀመጥም፣ ተሰክቶም አይተኛም። እናንተም አከራዮች ሆይ! ተከራያችሁ ስቶቭ ስለተከለከለ ከሰል ይዞ እንደሚገባ እወቁ። ከመብራት ሒሳብ የሚከብድ ነገር ግቢያችሁ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል።

ማን ይንገራቸው?

ወንድሜ፣ ባል ሆይ፣ ይቺ ላንተ ናት። ይኼን ነገር ለእናትህ የሚነግረው ሚስትህ አይደለችም፣ አንተ ነህ። አራስ ሚስት ለባሏ እናት «ይኼን አውጡ» ስትል ንቀት ይመስላል። ልጅ ለእናቱ «እማዬ፣ ይኼ ነገር ያንቺንም ነፍስ ይወስዳል» ሲል ግን ፍቅር ነው። «ስምንት ልጅ ያሳደገችው እሳት ዳር ነው» ያልከው እውነት ነው። ይኼን ዘጠነኛውን ግን የምታሳድገው ኮርኒስ ሥር ነው። አንተ የሌሊት ፈረቃ ላይ ንጹሕ አየር እየተነፈስክ፣ ሦስት ነፍስ አንድ ማንደጃ ይዞ በተዘጋ ክፍል ያድራል። በሥራህ ብዛት አልወቅስህም። ግን አንድ ሌሊት እዚያ አድረህ ጠዋት ራስህን ሳያምህ የተነሣህ ቀን ነው «ንቀሻት ነው» ማለት የምትችለው። አደራ፣ ስትሞክረው ግን እንዳላገኝህ!

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ እሳቸውንም ይዘሻቸው ሂጂ። የ45 ቀኑ ክትባት እየመጣ ነው። ነርሷ ፊት «ከሰል አስገብተን እናድር ነበር» ብለሽ ጠይቂ፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲናገር ከምራት አፍ የወጣ አይመስልም። ከዚያ አዲስ ሥራ ስጫቸው። ከእጃቸው ማንደጃውን ስትወስጂ ባዶ እጃቸውን አታስቀሪያቸው፤ የሙቅ ውሃውን ነገር እሳቸው ይያዙት። እናት የሚያስቀይማት ሥራዋ ሲከለከል ሳይሆን ሥራ ፈት ስትሆን ነው።

ላጤዎችም አትሳቁ። ቡና ተፈልቶ፣ እጣን ተጪሶ፣ በር ዘግቶ ፊልም ማየት ወይም መቃም የምትወዱ፣ ማንደጃው ጥግ ላይ ተረስቶ ስንቱ አብሮት እንዳሸለበ አስቡት። የከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለዚሁ የከሰል ነገር ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ ግን «ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ» ይመስለናል።

ደርሶ ካገኛችሁት፦ መጀመሪያ በርና መስኮት በርግዱ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ሰውዬውን ወደ ውጭ አውጡ፤ ውስጥ ቆማችሁ ውሃ አትርጩ፣ እናንተም ትወድቃላችሁ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ውሃም በአፉ አትስጡ፤ በጎኑ አስተኙት። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 939 የእሳትና አደጋ ነው። ሰውዬው ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ፤ ነፍሰ ጡር ከሆነችማ የግድ ነው። «ከሰል ነው» ማለትንም አትርሱ። ሐኪሙ ካልነገራችሁት ከራስ ምታት ብቻ ላይጠረጥር ይችላል።

እህታችንስ? ባለፈው ሰኞ ደወለችልኝ። ልጁ ታይቷል፤ ደህና ነው ተብሏል፣ ክብደትም ጨምሯል። አማትየው ማንደጃው ደጅ የቀረ ጊዜ ሁለት ቀን አኩርፈው ነበር። ነርሷ ከነገረቻቸው በኋላ ግን ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ለካ ያን ሁሉ ጠዋት ምች አይደለም!» አሉ አሉ። አሁን ማታ ማታ ላስቲኩን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ለጎረቤት አራስም አንድ አስገዝተዋል። ባልየው ይቅርታ አልጠየቀም። ግን በበሩ አናት ላይ አንዲት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በራሱ እጅ አስበጅቷል። ከይቅርታ ትቆጠርለት እላለሁ፤ እሷም ቆጥራለታለች።

በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃችሁ የት እንዳለ አንዴ እዩልኝ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!